የአንድ ቤት ሞተርሆሞች

ጀርመን ውስጥ ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋውን፣ ማብሰያውንና ሽንት ቤቱን ይዞ የሚጓዝ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ሂመር፣ ዴትሌፍስ፣ ካራዶ፣ ሰንላይት፣ ላይካ፣ ኒስማን ኡንት ቢሾፍ የሚሉ ስሞችን ያገኛል። ተፎካካሪዎች ይምሰሉ እንጂ ሁሉም የኤርቪን ሂመር ግሩፕ እህት ኩባንያዎች ናቸው። ግሩፑን ራሱን በ2019 የአሜሪካው ቶር ኢንዱስትሪስ ገዝቶታል።

አብዛኞቹ ግን አብረው አልተወለዱም። አሪስት ዴትሌፍስ ለሥራ ሲዞር ከወዳጁ ላለመለየት ብሎ በመኪና የሚጎተት ቤት የሠራው በ1931 ነው። ኤርቪን ሂመር ከመሐንዲሱ ኤሪክ ባኸም ጋር የመጀመሪያውን ተጎታች ያወጣው በ1957 ነበር። በ1964 ጣሊያን ውስጥ የተቋቋመው ላይካ ስሙን የወሰደው ሶቪየቶች ወደ ጠፈር ከላኳት ውሻ ነው፤ ዓርማውም ክንፍ ያላት ውሻ ናት። እነዚህ ስሞች የየራሳቸው ታሪክና ደንበኛ ስላላቸው ባለቤታቸው አንድ ሲሆን አልተሰረዙም።

ካራዶና ሰንላይት ግን መንትዮች ናቸው። ሁለቱም የሚገጣጠሙት ሳክሰኒ ግዛት፣ ኖይሽታት ከተማ በሚገኘው የካፕሮን ፋብሪካ ነው። የውስጥ አከፋፈላቸው እጅግ ይቀራረባል፤ የሚለያዩት በአብዛኛው በውጭ ቀለምና ጽሑፋቸው፣ በመቀመጫ ጨርቃቸው፣ በተጨማሪ ዕቃዎቻቸውና በሚሸጧቸው ነጋዴዎች ነው።

እውነተኛው ልዩነት የሚታየው ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው ሲወጣ ነው። መንትዮቹ ዋጋቸው ዝቅ እንዲል ምርጫ ይቀንሳሉ። ሂመር በብዙ ሞዴሎቹ ግድግዳውን የሚሠራው በሁለት የአሉሚኒየም ንጣፎች መካከል ፖሊዩሬቴን ፎም በመሙላት ነው፤ ይህም ብርድን ይከላከላል። ከሁሉም በላይ የሚቀመጠው የኒስማን ኡንት ቢሾፍ ፍሌር በኢቬኮ ዴይሊ ሻንሲ ላይ ይሠራል። ወለሉ ድርብ በመሆኑ የውኃ ታንከሮቹ በክረምት እንዳይቀዘቅዙ ሆነው በመሀል ይቀመጣሉ። ክብደቱ ግን በአውሮፓ ለረጅም ዘመን የተራ መንጃ ፈቃድ ወሰን ሆኖ ከቆየው 3,500 ኪሎ ግራም ስለሚያልፍ ከፍ ያለ ፈቃድ ይጠይቃል።

ዋጋ ሁሉን ይለውጣል ማለት ግን አይደለም። ፊያት ዱካቶ በርካሹም በውዱም ሞተርሆም ሥር ይገኛል፤ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣውም ብዙ ጊዜ ከተመሳሳይ አቅራቢዎች ይመጣሉ። ስለዚህ ገዢ በመንትዮቹ መካከል ሲያመነታ ለቤቱ የሚቀርበውንና ጥገናው የተመሰገነውን ነጋዴ ቢመርጥ አይጸጸትም። ደረጃ ከደረጃ ሲያወዳድር ደግሞ ግድግዳውን፣ ወለሉንና መኪናው ሊሸከም የሚፈቀድለትን ጭነት ይመርምር። በበጋ ባሕር ዳርቻ ለሚያሳልፍ ቤተሰብ ካራዶ ሊበቃው ይችላል፤ ጥር ላይ አልፕስ ተራራ ላይ ለሚያድር ግን ድርቡ ወለል ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ነው።