የአክሲዮን የትርፍ ድርሻና የዓመታት ታሪኩ

በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከአክሲዮኖቹ ከመቶ አሥሩን እጅ ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፥ ትንሹም ግዢ 33 አክሲዮን ነበረ። ስለዚህ 9,900 ብር ያለው ሰው ከደብረ ማርቆስ ሳይነሣ በቴሌብር ባለአክሲዮን ለመሆን ይችል ነበር። በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን ጀመረ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት በአብዮቱ ምክንያት ቆሞ ነበርና ብዙው ሰው ለነገሩ እንግዳ ነው። መምህሩም ነጋዴውም የዕቁቡን ገንዘብ ይዞ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በዓመት ስንት ይከፍላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የትርፍ ድርሻ ማለት ኩባንያው በዓመቱ ካተረፈው ላይ ጠቅላላ ጉባኤው ለባለአክሲዮኖች እንዲከፋፈል የወሰነው ገንዘብ ነው። ምጣኔው ደግሞ ይህ ገንዘብ ለአክሲዮኑ ከተከፈለው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ስንት እጅ እንደሚሆን ያሳያል። ላም የሚገዛ ገበሬ የወተቱን ልክ ብቻ ሳይሆን የላሚቱንም ዋጋ አብሮ እንደሚያስብ ማለት ነው።

በአገራችን ባንኮች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ቁጥር አክሲዮኑ በተጻፈበት ዋጋ ላይ የተሰላ ነው። ለምሳሌ ያህል የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን ከመቶ 30 ከፈለ ቢባል ድርሻው 300 ብር ነው። ነገር ግን አክሲዮኑን ከሌላ ሰው በ1,500 ብር የገዛ ሰው ምጣኔው ከመቶ 20 እንጂ 30 አይደለም። ከዚህም ላይ ግብር ይቀነሳል።

አሁን የዓመታቱን ታሪክ እንመልከት። ያው አክሲዮን በአምስት ተከታታይ ዓመታት 300፥ 300፥ 280፥ 220፥ 180 ብር ከፈለ እንበል። ይህን ያዩ ሰዎች አክሲዮኑን ለመሸጥ ስለሚሽቀዳደሙ ዋጋው ከ1,500 ወደ 800 ብር ወረደ። እንግዲህ 180 ለ800 ሲካፈል ምጣኔው ከመቶ 22 ተኩል ይሆናል። ድርሻው እየቀነሰ ሳለ ምጣኔው ከፍ አለ! የመጨረሻውን ምጣኔ ብቻ ያየ ሰው እየነጠፈች ያለችውን ላም ርካሽ ናት ብሎ ይገዛል።

የድርሻ መቀነስ ሁሉ ግን የድካም ምልክት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮች የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ባንኮች አዲስ አክሲዮን አወጡ። አክሲዮኑ ሲበዛ ትርፉ ለብዙ ይካፈላልና የጠቅላላው ትርፍ እድገት አብሮ መመርመር አለበት። እንደዚሁም በየዓመቱ 300 ብር ቢከፈል እንኳ የጤፍ ዋጋ ሲወደድ ያ 300 ብር የሚገዛው ያንሳል።

በሌሎች አገሮች ኢ.ቲ.ኤፍ. የሚባል የወል ፈንድ አለ። የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት ይዞ ራሱ በገበያ ላይ እንደ አንድ አክሲዮን ይሸጣል። በአሜሪካ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1993 ተቋቁሞ የ500 ታላላቅ ኩባንያዎችን አካሄድ ይከተላል፤ ከእነርሱ የሰበሰበውንም ድርሻ ወጪውን ቀንሶ በዓመት አራት ጊዜ ያከፋፍላል። ይህም የመንጋ ባለቤት እንደ መሆን ነው፤ አንዲቱ ብትነጥፍ ሌሎቹ ይታለባሉ። ሆኖም የሚከፈለው በየጊዜው ከፍና ዝቅ ስለሚል የአንድ ሩብ ዓመት ክፍያ በአራት ተባዝቶ የዓመት ገቢ ነው ሊባል አይገባም። የአራቱን ክፍያዎች ደምሮ በዕለቱ ዋጋ ማካፈል ይሻላል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ወላጆቻችን ስለ አክሲዮን ቢጠይቁን «ግዙ» ወይም «ተዉ» ከማለት በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅላቸው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ በየዓመቱ ስንት ብር ተከፈለ? ዛሬ የሚጠየቀው ዋጋ ስንት ነው? ድርሻውስ የሚከፈለው በእርግጥ ከተገኘ ትርፍ ነው ወይ? የዓመታት ድካም የተጠራቀመበት ገንዘብ ይህን ያህል ምርመራ ይገባዋል።