ኮሚቴው የሚጠይቀው ስለ ውሃው ነው

አሜሪካ ውስጥ ኤችኦኤ በሚባለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሥር ቤት ገዝቶ የማኅበሩ ደብዳቤ ያልደረሰው ሐበሻ ጥቂት ነው። ሣሩ ረዘመ፣ የቆሻሻ መጣያው ያለ ቀኑ ወጣ፣ የበሩ ቀለም ተለወጠ ይላል ደብዳቤው። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መሃል ያለ ኃጢአቱ የሚታማ አንድ አካል አለ፦ በቤትና በጓሮ ላይ የሚደረግን ለውጥ የሚያጸድቀው የአርክቴክቸር ኮሚቴ። እኔ ለዚህ ኮሚቴ ጥብቅና እቆማለሁ። ጓሮው ውስጥ የቅርጫት ኳስ ወይም የፒክልቦል ሜዳ ሊሠራ ለተነሣ ሰው የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች ብዙ ኮንትራክተር አይጠይቃቸውም።

መነሻው ቀላል ነው። የማኅበሩ ደንብ ከመሬቱ ጋር የተመዘገበ ስለሆነ፣ አነበባችሁትም አላነበባችሁትም፣ ቤቱን የገዛ ሁሉ ይገዛበታል። የካውንቲ ፐርሚት ሌላ፣ የማኅበሩ ፈቃድ ሌላ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ፐርሚቱን ብቻ ይዞ ኮንክሪት አስፈሰሰ፤ ማኅበሩ አስነሣው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ኮንክሪት ግን ከደረቀ በኋላ አይለቀምም፣ በድጅኖ ይፈለጣል።

ብዙ ሰው ኮሚቴው የልጆች ጨዋታ የሚጠላ ይመስለዋል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ልጆቹ ምን ያህል ኳስ እንደሚወዱ ያትታል። ኧረ ተዉ! ዋናው ጥያቄ የዝናቡ ውሃ ወዴት ይሄዳል ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ሠላሳ ጫማ በሠላሳ ጫማ የሆነ የቅርጫት ኳስ ግማሽ ሜዳ 900 ካሬ ጫማ ነው። አንድ ኢንች ዝናብ ቢጥልበት ከ2,100 ሊትር በላይ ውሃ ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ከ10 በላይ ይሞላል። ትናንት ሣሩና አፈሩ ከዚህ ብዙውን ይመጡት ነበር። ኮንክሪት ጠብታ አይመጥም። በዚያ ላይ ሜዳ ለዓይን ጠፍጣፋ ቢመስልም፣ በደንብ የተሠራ ከሆነ ውሃ እንዳይቋጥር በየ10 ጫማው አንድ ኢንች ያህል ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በ30 ጫማ ላይ አንደኛው ጠርዝ ከሌላው 3 ኢንች ዝቅ ይላል ማለት ነው። ያ ሁሉ በርሜል የሚወጣው በዚያ ጠርዝ ነው። ከጠርዙ ባሻገር የጎረቤት ምድር ቤት ካለ ኮሚቴው ቢጨነቅ ይፈረድበታል?

ያየሁት ምርጥ ማመልከቻ የአንዲት እናት ነበር። የቤቷን የሰርቬይ ካርታ ቅጂ ወስዳ ሜዳውን በልኩ ሣለችበት፤ ከአጥሩ ያለውን ርቀት ጻፈች፤ ከዝቅተኛው ጠርዝ ተነሥቶ ጠጠር ወደተሞላ ቦይ የሚሄደውን ውሃ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀስት አሳየች። ስለ ልጆቿ አንድ ቃል የለበትም። ጸደቀላት።

የቀረው አጭር ነው። መብራቱ ወደ ታች የሚያበራና የተከለለ ይሁን፣ የመጫወቻው ሰዓት ይገደብ። የፒክልቦል ጠንካራ ኳስ ድምፁ ሩቅ ስለሚሰማ ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ራቅ አድርጉት። የመስመሩን ልክ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የፒክልቦል መስመር 20 በ44 ጫማ ቢሆንም ለመሯሯጫ ጭምር በተለምዶ የሚመከረው 30 በ60 ነው።

ኮሚቴው እምቢ ካለም ነገሩ አላለቀም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክልከላው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ መሰጠት አለበት፤ የማኅበሩ ቦርድ እንደገና እንዲያየውም መጠየቅ ይቻላል። ቴክሳስም በ2021 ባወጣው ሕግ በጽሑፍ ምክንያት እንዲሰጥና ባለቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ጠይቆ እንዲሰማ አዟል። የሌላ ግዛት ነዋሪዎች የግዛታችሁን ሕግና የማኅበራችሁን ደንብ አገላብጡ።

ጎረቤት በቃል ቢስማማ፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት በመንገድ ላይ «ችግር የለም» ቢላችሁ፣ ፈቃድ አይደለም። የተፈረመ ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ የኮንክሪት መኪና አትጥሩ።