ጥላው ግን ገባ

የ12ኛ ክፍል ውጤቴን ያየሁት አልጋዬ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ ነው። በ2016 ዓ.ም.፣ መስከረም መጨረሻ ላይ። ድረ ገጹ ተጨናንቆ እምቢ ሲለኝ ወደ ቴሌግራም ቦቱ ሄድኩ። መለያ ቁጥሬን አስገባሁ። መጣ። ደመርኩት፤ እንደገና ደመርኩት። ከግማሽ በታች ነው።

ፈተናውን ከወሰድነው 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። 3.2 በመቶ! ያገኘኝ ሁሉ ይህን ቁጥር እየጠራ "ብቻህን አይደለህም እኮ" ይለኛል። እውነት ነው። ግን ከብዙ ሰው ጋር መውደቅ ለእኔ ምንም አላቀለለኝም። ለሬሜዲያልም አልበቃሁ።

ስልኬን ዘጋሁ። ከቤት መውጣት ተውኩ። ሲነጋ መንቃቱ ራሱ ያስጠላኝ ነበር። (ይህን ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ ጥፋት ነበር። እንዲህ የሚሰማችሁ ካላችሁ ለአንድ ሰው እንኳ ንገሩ።)

ከሁሉ የባሰው ግን ከፈጣሪ ጋር መኳረፌ ነው። ጸልያለሁ፣ አስቀድሻለሁ፣ ታዲያ ምን አጠፋሁ? እማዬ ደግሞ "ልጄ ካለፈልኝ ጥላ አስገባለሁ" ብላ ለገብርኤል ተስላ ነበር። እንጀራ ሸጣ ባጠራቀመችው ብር ጥላውን አስቀድማ ገዝታዋለች። ቀይ ከፈይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጦ፣ በተኛሁ ቁጥር እሱን ነው የማየው።

ታኅሣሥ 19 ማለዳ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ጥላውን ስታወርድ ነቃሁ።

"ወዴት ነው?"

"ስለቴን ላስገባ።"

"እማዬ፣ አላለፍኩም እኮ!"

"ያንተን ማለፍ ማን ጠየቀህ? 'ካለፈልኝ' ያልኩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ከእሱ ጋር እንደ ገበያ ሰው ተደራደርኩ። ከፈተና በሰላም መልሶልኛል፣ ይኸው ቤቴ አለህ። በል ተነስ፣ ከብዶኛል፣ ያዝልኝ።"

ተነሳሁ። እምነት መጥቶልኝ አይደለም፤ ጥላው ስለከበዳት ነው።

ሰባኪው የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ያነሳል፤ በየዓመቱ የምንሰማውን። እኔ ከዚያ ታሪክ የማስታውሰው ሁሌ መልአኩ እሳቱን ማብረዱን ነበር። የዚያን ቀን ጆሮዬ የያዘው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነው፦ ወጣቶቹ ገና እቶኑ ውስጥ ሳይጣሉ፣ አምላካቸው ባያድናቸው እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ ለንጉሡ መናገራቸውን። መዳናቸውን ሳያውቁ! እኔ ደግሞ ውጤት ካልመጣልኝ ብዬ ነው ያኮረፍኩት። ከሕዝቡ መሀል ቆሜ፣ ጥላውን ይዤ፣ አፈርኩ።

ተአምር አልተፈጠረም፤ በማግስቱም ከፍቶኝ ነው የነቃሁት። ግን ስልኬን ከፈትኩ። አብሮኝ የተፈተነና አብሮኝ የወደቀ ሙስሊም ጓደኛዬ ለሳምንታት አንድ ቃል ደጋግሞ ልኮልኛል፦ "አለህ?"

"አለሁ" ብዬ መለስኩለት።

ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪሲቲ የተመዘገብነው አብረን ነው። ዩኒቨርሲቲ ያሉ የክፍል ጓደኞቼን ፎቶ ሳይ አሁንም ቅር ይለኛል፤ አልዋሽም። ግን ጠዋት ጠዋት የምነሳበት ነገር አለኝ።

ዘንድሮ ተፈታኟ ታናሽ እህቴ ናት። እማዬን "ለእሷስ ምን ተሳልሽ?" ብላት ሳቀች።

"አርፈህ የክፍሏን አምፖል ቀይርላት፤ ማታ ስታጠና ብልጭ ድርግም እያለ አስቸገራት።"

ቀየርኩላት።