የሊምፖፖ አያቶች የእግር ኳስ ማኅበር

በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር፣ የማንጎና የአቮካዶ እርሻ ከከበባት ከጻኒን ከተማ አጠገብ ንኮዋንኮዋ የምትባል መንደር አለች፤ ነዋሪዎቿም አብዛኞቹ የጾንጋ ሕዝብ ናቸው። በዚህች ስፍራና በአካባቢዋ የሚኖሩ አያቶች፣ ገና ሃምሳ ካልሞላቸው አንሥቶ ሰማንያን እስከ ተሻገሩት ድረስ፣ ሻሻቸውን አስረው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ እግር ኳስም ይጫወታሉ። ማኅበራቸው ቫኬጉላ ቫኬጉላ ይባላል፤ አያቶች፣ አያቶች ማለት ነው። ኳስ የገጠርን ሰው ከሩቅ ከመጣ እንግዳ ጋር እንዴት እንደምታስተዋውቅ ለማወቅ ለሚወድ ሰው፣ የዚህ ማኅበር ታሪክ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ ቤካ ንትሳንዊሲ በራዲዮ ጋዜጠኝነት የታወቁ ሴት ናቸው። በ2003 እ.ኤ.አ. የአንጀት ካንሰር እንደ ያዛቸው ታውቆ ወደ ሐኪም ቤት በሚመላለሱበት ጊዜ፣ የራሳቸው ደዌ ሳይበቃቸው፣ መድኃኒት ለመቀበል ተሰልፈው የሚውሉትን አረጋውያት ይመለከቱ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ በደም ብዛት፣ በስኳር በሽታና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚሠቃዩ ነበሩ፤ ኤድስ በዚያች አገር ብዙ ወላጆችን ስለ ቀሠፈም፣ ሊያርፉ በሚገባቸው ዕድሜ የልጅ ልጆቻቸውን እንደ ገና ለማሳደግ የተገደዱ ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ ወይዘሮ ቤካ ሰብስበው ሰውነት ማፍታታት አስጀመሯቸው። እንደሚተረከው፣ አንድ ቀን በዚያው አቅራቢያ ከሚጫወቱ ልጆች ኳስ አምልጣ ወደ ሴቶቹ በመጣች ጊዜ፣ ከመካከላቸው አንዷ ልትመታት ብትሞክር ሳታገኛት ቀረች፤ ሁሉም ሳቁ፤ ከሳቁም በኋላ እኛም እንማር አሉ። ማኅበሩ የተወለደው ከዚህ ሳቅ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም አልወደደላቸውም። ከአብያተ ክርስቲያናት ሰዎች ወገን፣ አያት የሆነች ሴት ቤቷን መጠበቅና የልጅ ልጆቿን መንከባከብ ይገባታል እንጂ በአደባባይ ኳስ ስትራገጥ መታየት ነውር ነው የሚሉ ተነሡ። አያቶቹ ለዚህ ተግሣጽ በክርክር አልመለሱም፤ መዝሙራቸውን እየዘመሩና እየጨፈሩ ወደ ሜዳ መውጣታቸውን ቀጠሉ እንጂ። ከጊዜ በኋላም እንቅልፍ አገኘን፣ ጉልበታችንም ጠና ብለው ስለ ራሳቸው መሰከሩ።

የእነዚህን ሴቶች ጨዋታ ክብደት ለመረዳት ወደ ወጣትነታቸው ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የአፓርታይድ ሥርዓት የጾንጋን ሕዝብ ጋዛንኩሉ በተባለ ክልል ወስኖ፣ ሰውን በቀለሙ ሲለይ ኳስንም አብሮ ከፋፍሎ ነበር። በዚህ ነገር የእኛም አገር ስም ይነሣል። በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲቋቋም ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ መሥራቾች ነበሩ፤ ነገር ግን ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተወገደች፤ ከእርሷ ጋር እንዲጋጠም የተመደበው የኢትዮጵያ ቡድንም ሳይጫወት ወደ ፍጻሜው አልፎ፣ በዚያ በግብፅ ቡድን 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከ1972 እስከ 1987 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ዘረኝነትን በመቃወም ጸንተው ታገሉ፤ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1976 አባረረ፤ በ1992 መልሶ ተቀበላት። የንኮዋንኮዋ አያቶች ኳስ ሰውን ከሰው የምትለይ አጥር ሆና ሳለች ያደጉ ናቸው።

በ2010 የዓለም ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ጊዜ የሊምፖፖ ዋና ከተማ ፖሎክዋኔ አራት ግጥሚያዎችን አስተናገደች፤ የዓለምም ሕዝብ ወደዚያ ጎረፈ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ግን አያቶቹ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጓዙ። የማኅበራቸው ዜና አሜሪካ ደርሶ ነበርና፣ በማሳቹሴትስ ኳስ የሚጫወቱ ሴቶች ለጉዟቸው ገንዘብ አሰባስበው፣ ላንካስተር በተባለች ስፍራ ወደሚደረገው የአንጋፋ ተጫዋቾች ውድድር ጋበዟቸው። ከጋባዦቹ አንዷ የሆነችው ጂን ዳፊ በ2023 ስለ እነርሱ መጽሐፍ አሳትማለች።

እንግዳ ወደ አፍሪካ ገጠር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ለጋሽ ወይ ተመልካች ሆኖ ነው። ለጋሹ የሰጠውን ሰጥቶ ምስጋና ተቀብሎ ይመለሳል፤ ተመልካቹም ፎቶግራፉን አንሥቶ ይሄዳል፤ ሁለቱም ባላገሩን በቅርብ ሳያውቁት ይለያያሉ፤ ባላገሩም እነርሱን ሊያውቅ ፋታ አላገኘም። በኳስ ሜዳ ግን እንግዳውና ባላገሩ በአንድ ሕግ ሥር ይውላሉ። ባለጠጋው በባለጠግነቱ አንዲት ጎል አይቈጠርለትም፤ ቋንቋ የማያውቀውም ኳስ ለማቀበል አስተርጓሚ አያሻውም፤ እንግዳው በአስተናጋጁ ቢሸነፍ ውርደት አይሆንበትም፤ አስተናጋጁም እንግዳውን ቢያሸንፍ ክብር ነሣ አይባልም። ማንም ለማንም ባለዕዳ ሳይሆን አንዱ የሌላውን ብርታትና ድካም አይቶ ያውቃል።

ሆኖም አንድ ግጥሚያ ብቻውን ወዳጅነትን አያጸናም። በአገራችን የጽዋ ማኅበር እንደሚደረገው፣ ዛሬ ተጋባዥ የነበረው ተራው ሲደርስ ደጋሽ ሊሆን ይገባል። የሊምፖፖ አያቶች ይህን ተራ አልዘነጉም። በ2023 ዓለም አቀፍ የአያቶች የእግር ኳስ ውድድር በራሳቸው ክፍለ ሀገር አዘጋጅተው፣ ከአሜሪካና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ሴቶችን በአገራቸው ተቀበሉ። የሩቅ አገር ሰዎች የከፈሉላቸውን የጉዞ ገንዘብ በገንዘብ ሊመልሱት አቅም አልነበራቸውም፤ በግብዣ ግን መለሱት፤ ከዚያ በኋላም ማን ለጋሽ ማን ተረጂ እንደ ሆነ መጠየቅ ትርጉም የለውም።