ጨቅላው ምን ወንጀል አለበት?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሰላቱን ሊያስረዝሙ አስበው ሳለ የሕፃን ልቅሶ ከሰሙ፣ የእናቱን ጭንቀት በማሰብ ያሳጥሩት እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ልቅሶው በቀላሉ ስለማይበርድ ጨቅላ ነው። እናቱ በእርግዝናዋ ወራት ሄሮይን ወይም ሞርፊንን የመሰለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ስትወስድ ቆይታለች። ችግሩ በስፋት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በዚያ ብዙ ቤተሰቦቻችን ይኖራሉ፤ በሆስፒታሎቹ በነርስነት የሚያገለግሉ ወገኖችም አሉን።

ሕፃኑ ምን ይሆናል?

መድኃኒቱ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ሰውነቱም ይለምደዋል። እትብቱ ሲቆረጥ ግን በድንገት ይቋረጥበታል። ምልክቱ ከሄሮይን በኋላ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ሜታዶን ከሚባለው መድኃኒት በኋላ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ሕፃኑ ይንቀጠቀጣል፣ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፣ ያስነጥሰዋል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ መጥባትና መተኛት ያቅተዋል። ስለዚህ በሆስፒታል ለቀናት ክትትል ያስፈልገዋል እንጂ ቤት ውስጥ አይደበቅም።

አንዳንዶች «በእናቱ ወንጀል እየተቀጣ ነው» ይላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አንዷ ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ቁርኣን አስተምሮናል። ልጅ ሁሉ በፊጥራ ላይ እንደሚወለድም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ጨቅላው «ሱሰኛ» ሊባልም አይገባውም፤ የመረጠው ነገር የለምና።

የነርሶች እንክብካቤ

በ1975 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሎሬታ ፊኔጋንና ባልደረቦቻቸው ምልክቶቹ በነጥብ የሚመዘኑበትን ሰንጠረዥ አቀረቡ። ነርሶች በየጥቂት ሰዓቱ ይመዘግባሉ፤ ነጥቡ ከፍ ሲል ሕፃኑ በሐኪም ትእዛዝ በጥቂቱ ሞርፊን ወይም ሜታዶን ይሰጠዋል፤ ከዚያም መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነስለታል።

ከጊዜ በኋላ የመጣው አሠራር ግን ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። በደንብ ይመገባል? ሳይረበሽ አንድ ሰዓት ይተኛል? ሲያለቅስ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይባባላል? ቅድሚያ የሚሰጠው ደብዘዝ ላለ ብርሃንና ለጸጥታ፣ በጨርቅ ለመጠቅለል፣ ገላውን ከእናቱ ደረት ጋር ለማገናኘት፣ ጥቂት በጥቂት ቶሎ ቶሎ ለመመገብና መቀመጫው እንዳይላጥ ቅባት ለመቀባት ነው። በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2023 ይፋ በሆነው ጥናት፣ ሕፃናቱ ወደ ቤት ለመሄድ የሚበቁበት ጊዜ በአማካይ ከ14.9 ወደ 8.2 ቀን ወርዷል። መድኃኒት ያስፈለጋቸውም ከ100 52 የነበሩት ወደ 20 ገደማ ቀንሰዋል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ሕፃን ግን ሊነፈገው አይገባም።

ወገኖቻችን! ከዚህ የምንረዳው የእናት እቅፍ ራሱ መድኃኒት መሆኑን ነው። እናቲቱን በነቀፋ ከሆስፒታሉ ያባረረ ሰው የሕፃኑን መድኃኒት ነጠቀው ማለት ነው። አደንዛዥ ዕፅ ሐራም መሆኑን አናቃልልም፤ የተውበት በርም ክፍት ነው። ነገር ግን ነፍሰ ጡሯ በራሷ ውሳኔ በድንገት ብታቋርጥ ለፅንሱ አደጋ ነው። ሐኪም ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ካዘዘላት እርሱን መውሰዷ ሱስን መቀጠል ሳይሆን መታከም ነው። በዚህ ሕክምና የጸናችና ከሌላ ዕፅ የራቀች እናት ብዙውን ጊዜ እንድታጠባ ትበረታታለች፤ ሄሮይን የምትወስድ ግን አታጠባም። የእያንዳንዷን ሁኔታ ሐኪሟ ይወስናል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አዛኑ በጆሮው በለሆሳስ ይባል፤ ጫጫታ ይጎዳዋልና። ጠያቂ ይቀንስ። በ7ኛው ቀን ሕፃኑ ገና ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፤ የአቂቃው ሥጋ ለጎረቤትና ለችግረኛ ይከፋፈል እንጂ ድግሱ ወደ አልጋው አይምጣ። አባትና አያት በተራ ይቀፉት፤ እናቱ ትረፍ። የሚያቅፈው ሰው እንቅልፍ ከመጣበት ግን ሕፃኑ በራሱ አልጋ በጀርባው ይተኛ። እናቲቱን የሚጠይቃት ሰው «ምን አድርገሽ ነው?» ከማለቱ በፊት «ምን ላግዝሽ?» ይበል።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለእናቶቻቸው ሰብሩን ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።