ሽጉጥ፣ ድልድይና ሕግ፦ ራስን ለመከላከል መሣሪያ ስለ መያዝ በዋሽንግተን አካባቢ ያለው ሥርዓት



ስለ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ እንድናገር ያነሣሣኝ በስልክ የመጣ አንድ ጥያቄ ነው። በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖር፣ ማታ ማታ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ አንድ ዘመዴ በተሳፋሪ ተዘርፎ ነበር። በማግሥቱ ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ሽጉጥ ልግዛ ወይስ አልግዛ?» አለኝ። ለጊዜው የምመልስለት አጣሁ። ጥያቄው አንድ ቢመስልም በውስጡ አራት ጥያቄዎች እንዳሉ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። መሣሪያውን ቤቴ ላኖረው እችላለሁን? ይዤው ከቤት ልወጣ እችላለሁን? ብጠቀምበት ሕግ እንዴት ይመዝነኛል? በመጨረሻም፣ የትኛውን ልምረጥ፣ በእርግጥስ ይጠብቀኛልን? የዛሬው ንግግሬ እነዚህን አራቱን በቅደም ተከተል ይመለከታል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ከእኛ ሕግ ጋር ያለውን መሠረታዊ ልዩነት ላስቀምጥ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ስለ መሣሪያ መያዝ መብት የሚናገረው ነገር የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ጉዳዩን በፈቃድ ይመራዋል፤ ያልተፈቀደለት ሰው መሣሪያ አይዝም። በአሜሪካ ግን በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሕዝቡን መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት ይጠቅሳል። ስለዚህ እዚያ ክርክሩ የሚጀምረው «መንግሥት ፈቅዷልን?» ከሚለው ሳይሆን «መንግሥት መከልከል ይችላልን?» ከሚለው ነው።

የማሻሻያው ዐረፍተ ነገር ስለ ሚሊሻም ስለሚናገር፣ መብቱ የግለሰብ ነው ወይስ ከሚሊሻ አገልግሎት ጋር የተያያዘ ነው የሚለው ጉዳይ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሳይቋጭ ኖረ። መልሱ የተገኘው ዘመዴ ከሚነዳባት ከተማ ነው። ዋሽንግተን ከ1976 ጀምሮ ነዋሪዎች አዲስ ሽጉጥ እንዳያስመዘግቡ ከልክላ ነበር፤ ረጃጅም ጠመንጃዎችም ቢሆኑ በቤት ውስጥ ጥይት ሳይጎርሱ፣ ተፈታትተው ወይም ምላጫቸው ተቆልፎ እንዲቀመጡ ታዝዝ ነበር። በሰኔ 2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዲስትሪክት ኦቭ ኮሎምቢያ እና ሄለር በተባለው መዝገብ፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ መብቱ የግለሰብ እንደ ሆነ፣ ዋናው ዓላማውም ራስን መከላከል እንደ ሆነ ወሰነ። ሐተታውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ግን መብቱ ወሰን የሌለው አለመሆኑንም አክለዋል። በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸውንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚመለከቱት የቆዩ ክልከላዎች፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሕንጻዎች መሣሪያ መያዝን የሚከለክሉትም ሕጎች በውሳኔው እንደማይነኩ ገልጸዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ማክዶናልድ እና የቺካጎ ከተማ በተባለው መዝገብ ይኸው መብት ግዛቶችንና ከተሞችንም እንደሚያስገድድ ተወሰነ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አዎን፣ ነገር ግን» የሚል ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው የፌዴራሉን ቅጽ ይሞላል፤ ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ብሔራዊ የማጣሪያ ሥርዓትም የኋላ ታሪኩ ይጣራል። የፌዴራሉ ሕግ መሣሪያ እንዳይዙ ከሚከለክላቸው መካከል በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው፣ በትዳር ወይም በቤተሰብ ውስጥ በፈጸሙት የኃይል ድርጊት የተቀጡ፣ በአገሩ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖሩና፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገቡ ሰዎች ይገኛሉ። ለትምህርት ወደዚያ የምትሄዱ ተማሪዎች ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ። የተማሪ ቪዛ ጊዜያዊ ቪዛ ነው፤ የተከለከለ ሰው መሣሪያ ይዞ ቢገኝ ቅጣቱ ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት እስራት ይደርሳል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። እንዲሁም አንድ ሰው ለሌላ ሰው እየገዛ ለራሴ ነው ብሎ በቅጹ ላይ ቢፈርም ወንጀል ነው፤ የታሰበለት ሰው መሣሪያ ለመያዝ ያልተከለከለ ቢሆንም እንኳ ያው መሆኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 አብራምስኪ በተባለው መዝገብ አረጋግጧል። «ስሙን አበድረኝ» የሚባለው የወዳጅነት ልማድ እዚህ ላይ እስር ቤት ያስገባል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሻገር። የሄለር ውሳኔ የተናገረው ስለ ቤት ነበር። ኒው ዮርክ ደግሞ የ1911ን የሱሊቫን ሕግ ተከትላ፣ ሽጉጥን በሕዝብ መካከል ለመታጠቅ የሚሻ ሰው ከሌላው ነዋሪ የተለየ ምክንያት እንዲያስረዳ ትጠይቅ ነበር። በሰኔ 2022 ብሩዌን በሚል ስም በሚታወቀው መዝገብ፣ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ፣ ይህ ቅድመ ሁኔታ ተሻረ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የጻፉት ሐተታ ሁለት ነገሮችን አጸና። አንደኛ፣ መብቱ ከደጃፍ ውጭም ይዘልቃል። ሁለተኛ፣ አንድ የመሣሪያ ሕግ የሚጸናው መንግሥት ጥቅሙን ስላሳየ ሳይሆን፣ ከአገሪቱ የቆየ የመሣሪያ ቁጥጥር ታሪክ ጋር የሚጣጣም ሆኖ ሲገኝ ነው። ይህ መመዘኛ ብዙ የሥር ፍርድ ቤቶችን ግራ አጋብቷል። በ2024 ራሂሚ በተባለው መዝገብ፣ የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛን እንዳያስፈራራ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የተሰጠበት ሰው መሣሪያ ሊከለከል ይችላል ሲል ስምንት ለአንድ ሲወስን፣ ፍርድ ቤቱ የሚፈለገው ከጥንቱ ሕግ ጋር አንድ ዓይነት መሆን ሳይሆን በመርሕ መመሳሰል እንደ ሆነ አብራራ።

ከብሩዌን በኋላ ግዛቶች አንድ ሆኑ ማለት ግን አይደለም። ከግዛቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዛሬ ያለ ምንም ፈቃድ መታጠቅን ይፈቅዳሉ፤ ሌሎቹ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ሥልጠና ያስገድዳሉ፣ የተከለከሉ ቦታዎችን ይዘረዝራሉ። የዘመዴ ጉዳይ የሚከብደውም በዚህ ነው። እርሱ የሚኖረው ሦስት ሕጎች በሚገናኙበት ስፍራ ነው። ቨርጂኒያ ሽጉጥን በግልጽ መታጠቅን ያለ ፈቃድ ስትፈቅድ ኖራለች፤ በልብስ ሥር ደብቆ ለመያዝ ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ትጠይቃለች። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው ዋሽንግተን መሣሪያው በከተማዋ ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ታዝዛለች፤ ለመታጠቅም የራሷን ፈቃድ ትሰጣለች፤ የቨርጂኒያን ፈቃድ አታውቀውም። ሜሪላንድም የሌላ ግዛት የመታጠቅ ፈቃድ አትቀበልም።

ስለዚህ በአሌክሳንድሪያ ሕጋዊ የሆነው ሽጉጥ ድልድዩን ሲሻገር ወንጀል ይሆናል። በዋሽንግተን ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ከባድ ወንጀል ነው። አንዳንዶች በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ መንገደኛን ይጠብቃል ሲሉ ይሰማል። እውነት ነው፤ ጥበቃው ግን መሣሪያው ሕጋዊ ከሆነበት ቦታ ተነሥቶ ሕጋዊ ወደሚሆንበት ሌላ ቦታ ለሚያልፍ ሰው ነው። ያም ሰው ቢሆን መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ፣ መሣሪያውም ጥይቱም ከእጅ የራቀ መሆን አለበት። በከተማዋ ውስጥ ተሳፋሪ እየጫነ የሚያወርድ ሹፌር አላፊ መንገደኛ አይደለም፤ ለመከላከያ የያዘውም ሽጉጥ ከእጁ ከራቀ ለታሰበለት ነገር አይውልም። በተጨማሪም ኡበርና ሊፍት የሚባሉት ድርጅቶች አሽከርካሪዎቻቸው መሣሪያ እንዳይዙ በመመሪያቸው ይከለክላሉ።

ዜጋ ላልሆነው ወገናችን ከእስራቱ የሚብስ ሌላ መዘዝ አለ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ መሣሪያን ከሕግ ውጭ በመግዛት፣ በመያዝ ወይም በመታጠቅ የተፈረደበትን የውጭ አገር ሰው ከአገር ለማስወጣት ራሱን የቻለ ምክንያት አድርጎ ይቆጥራል። ግሪን ካርድ ከዚህ አያድንም። ማንንም ያልጎዳ፣ በገዛ ግዛቱ ሕጋዊ የነበረ ሰው፣ በአንድ ምሽት የመንገድ ፍተሻ ሃያ ዓመት የገነባውን ኑሮና የልጆቹን ቤት ሊያጣ ይችላል። ለዘመዴ በመጀመሪያ የነገርሁት ይህንን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ መሣሪያው ከተተኮሰ በኋላ የሚመጣው ነው። በሦስቱም ስፍራዎች መነሻው ተመሳሳይ ነው፤ አደጋው ወዲያው የሚደርስ፣ ፍርሃቱ ምክንያታዊ፣ የተወሰደው ኃይልም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ልዩነቱ ማፈግፈግን በሚመለከት ነው። በሜሪላንድ ከቤቱ ውጭ ያለ ሰው በደኅና ማፈግፈግ እየቻለ ገዳይ ኃይል እንዲጠቀም አይፈቀድለትም። በቨርጂኒያ ጠቡን በማንሣት ጥፋት የሌለበት ሰው የማፈግፈግ ግዴታ የለበትም። በዋሽንግተን ፍርድ ቤቶች ደግሞ ግዴታው ባይኖርም፣ ሰውየው ማፈግፈግ ይችል እንደ ነበር ዳኞች ከሌሎች ሁኔታዎች ጋር ሊመዝኑት ይችላሉ።

ይህ ለእኛ የሕግ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ ሕገ ወጥና የማይቀር ሲሆን፣ በሌላ መንገድም ሊወገድ የማይችል ሲሆን፣ እርምጃውም የተመጣጠነ ሲሆን ነው። «በሌላ መንገድ» የሚለው ሐሳብ የማፈግፈግን ጥያቄ በውስጡ ይዟል። አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ተከላካይ ቅጣት ያቀልለታል፤ መጠን ማለፉ ጥቃቱ ባስከተለበት ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ የመጣ እንደ ሆነም ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ሊምረው ይችላል። ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ይህን ርኅራኄ በዚያው መልክ አገኘዋለሁ ብሎ ማሰብ የለበትም። ሊዘርፈው የሞከረው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ መሮጥ ከጀመረ አደጋው አልፏል፤ ከዚያ በኋላ የሚተኮስ ጥይት መከላከል መሆኑ ቀርቶ በቀል ይሆናል።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ምርጫ ነው። ሕጋዊ መብት ያለውና ቤቱን ለመጠበቅ የወሰነ ሰው በአመዛኙ ከሁለት ዓይነት ሽጉጦች አንዱን ይመርጣል። ሪቮልቨር አምስት ወይም ስድስት ጥይቶችን በሚሽከረከር ከበሮ ይይዛል፤ አሠራሩ ቀላል፣ ምላጩ ግን ከባድ ነው። ከፊል አውቶማቲኩ ጥይቱን በካርታ ይጎርሳል፤ ብዙ ይይዛል፣ ግን ሊነክስ ይችላል፤ ይህንንም ማላቀቅ ልምምድ ይጠይቃል። ትልቅ ጥይት ይሻላል የሚለው እምነትም በልምድ ተፈትኗል። የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ በ1986 በማያሚ ከደረሰበት የተኩስ አደጋ በኋላ ወደ ትላልቅ ጥይቶች ዞሮ ነበር፤ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ግን ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ጥይቱ በቴክኒክ ተሻሽሏል፤ ተኳሾቹም ርግጫው ባነሰ መሣሪያ ይበልጥ ኢላማ ይመታሉ። ትንሽና ቀላል ሽጉጥ ለኪስ ቢመችም ርግጫው ይከብዳል። የአፓርታማ ግድግዳም ስስ መሆኑ አይረሳ፤ የሳተ ጥይት የጎረቤት ልጅ ወደተኛበት ክፍል ይገባል። እንግዲህ ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ እጅ የሚስማማበት መሆኑ፣ የማያቋርጥ ልምምድና ልጅ የማይከፍተው ቁልፍ ይበልጣሉ።

በእርግጥስ ይጠብቃልን? በ2020 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በካሊፎርኒያ 26 ሚሊዮን የሚያህሉ አዋቂዎችን ተከታትሏል። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች በመሣሪያ ራሳቸውን የማጥፋታቸው መጠን ከሌላቸው ወንዶች ስምንት እጥፍ ያህል ነበር፤ በሴቶች ደግሞ ከሠላሳ እጥፍ በላይ። በአሜሪካ በመሣሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይህ ሽጉጥ የያዘ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ሌባን ፈርቶ የተገዛ መሣሪያ በክፉ ቀን የባለቤቱን ሐዘን ወይም የቤተሰብን ጠብ ያገኘዋል ማለት ነው። ከአገር ርቆ፣ ሌሊት ሠርቶ፣ ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

በአገራችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ዘመዴ ያደገው መሣሪያ የሰው ልጅ አጥርና ክብር በሆነበት ቀዬ ነው፤ የፈለገውም መናቁ እንዲቀር እንደ ሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ጥቃቱ ከኋላ ወንበር የሚመጣበት፣ ቀበቶ ታስሮ የሚነዳ ሰው ሽጉጡን ለማውጣት ጊዜም ቦታም የለውም፤ ቢያወጣውም ከድልድዩ ማዶ እርሱ ራሱ ወንጀለኛ ነው። ስለዚህ አትግዛ ወይም ግዛ አላልሁትም። ቤትህን ለመጠበቅ ብትገዛ ሕግ አይከለክልህም፤ ቆልፈህ አኑረው፤ ሥራህ ላይ ግን አይከተልህ አልሁት። ለመኪናው ካሜራና መከለያ አስገባ፤ በጥሬ ገንዘብ መሥራትም አቆመ። ሽጉጡን እስካሁን አልገዛም።

ከመካከላችሁ ነገ የሕግ አማካሪ የሚሆኑ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባችሁ ጠያቂው የት እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን የት እንደሚሠራ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ የያዘው ወረቀት ምን ዓይነት እንደ ሆነና በቤቱ ማን እንዳለ ሳትጠይቁ መልስ አትስጡ። ሕጎቹም በየጊዜው ስለሚለወጡ፣ በዕለቱ የጸናውን ሕግ ሳታዩ አትናገሩ።