ፍላጻን የሚቀድም ድምፅ



በአሜሪካ አገር ዛሬም በጥንታዊው ደጋን አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች አሉ። አዳኙ ፍላጻውን በለቀቀ ጊዜ አውታሩ ይጮኻል፤ አጋዘኑም ደንግጦ ለመፈትለክ ዝቅ ሲል፥ ለልቡ የታለመው ፍላጻ ጀርባውን ይወጋዋል። ቆስሎም ያመልጥና በዱር ሲማቅቅ ይሞታል።

ምክንያቱ ግልጥ ነው። ድምፅ በ1 ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ፥ ፍላጻው ግን ከ50 ሜትር ብዙ አያልፍም። ስለዚህ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ድምፁ የሴኮንድ ሲሶ ያህል ቀድሞ ይደርሳል።

ክራር መቺ በአውታሩ ላይ ጣቱን ባሳረፈ ጊዜ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ድምፁም ይሞታል። ለደጋኑም የሚደረገው ይህንኑ የመሰለ ነው። አዳኞች የአውታሩን ክሮች ፈልቅቀው የሱፍ ክር ወይም ጠጉሩ ያልተነሣ የቆዳ ጠፍር በመካከላቸው ያሾልካሉ። አንዱን ከላይኛው ጫፍ የአውታሩን ርዝመት ሲሶ፥ ሁለተኛውን ከታችኛው ጫፍ ሩብ ያህል ገባ አድርገው ያስሩታል። ቦታው መለያየቱም አንዱ ያልገታውን መንቀጥቀጥ ሌላው እንዲገታው ነው።

ይሁን እንጂ ዝምታም ዋጋ አለው። ማፈኛው በከበደና ወደ አውታሩ መካከል በቀረበ መጠን ፍላጻውን ያዘገየዋል፤ ሱፍም በዝናብ ጊዜ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ስለዚህ ጥቂቱ ይበቃል። ከዚህም የሚበልጠው አዳኙ ታግሦ መቅረቡ ነው፤ በ10 ሜትር ላይ ድምፁ የሚቀድምበት ጊዜ በግማሽ ያጥራልና።